ማን ተብለው የዋሉት ሰው

«ከበር የመለሰህን ሰው አትርገመው፤ እሱንም ከኋላው የያዘው አለ» ይሉ ነበር የአቶ ማንያዘዋል አባት። በሬ ሲለግም ይሉታል፤ ዝናብ ሲዘገይ ይሉታል፤ እራት ሲዘገይም ይሉታል፤ ያን ጊዜ ግን ሚስታቸው እንዳትሰማ ቀስ ብለው ነው።

እንግዲህ ሥራ የፈታ ይቀመጥ፤ ሥራ ያለበትም እየሠራ ይስማ። ይህች ተረት ሰንሰለት ናት፤ አንዱን ቀለበት የነካ ሁሉንም ያንቀጫቅጫል። በውስጧ ወረቀት ይናገራል፤ ብረት ይመልሳል፤ ቁጥር ያኮርፋል። ብረት እንዴት ይናገራል የሚል ሰው ካለ፣ ለፈጣሪ የሚሳነው እንደሌለ ያስብና ጆሮውን ይስጠኝ።

አቶ ማንያዘዋል የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ዘበኛ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ በር ጠብቀዋል። ከትምህርት ፊደል፣ ከጸሎት የዘወትሩን ያውቃሉ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለባለቤቱ ትተውታል። ሴት ልጃቸው ወሊሶ ተድራ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ሕፃኑ ነገ አርባ ቀኑ ነው፤ በማለዳ ክርስትና ይነሣል። «አባዬ፣ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን አንተ ነህ የምታቅፈው» ብላቸዋለች ልጅቱ በስልክ። እሳቸውም ጋቢያቸውን አሳጥበው፣ ለሕፃኑ ነጭ ካልሲ ገዝተው፣ በጠዋት መናኸሪያ ሄዱ።

መናኸሪያው በር ላይ የቆመው ተቆጣጣሪ መታወቂያቸውን አገላበጠና፣ «አባት፣ ይህ መታወቂያ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው» አላቸው።

«እኔ ግን አለሁ።»

«እርስዎማ ይኑሩልን። የሞተው መታወቂያው ነው። አሳድሰው ይምጡ።»

የሞተውን መታወቂያ በኪሳቸው ይዘው ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት መጡ። የፈለጉት ትንሽ ነገር ናት፤ ስማቸው በመስኮቱ እንዲጠራ። ስማቸው ከተጠራ መታወቂያ አለ፤ መታወቂያ ካለ መኪና አለ፤ መኪና ካለ ሕፃኑ በአያቱ እቅፍ ክርስትና ይነሣል። መስኮቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ታዲያ ጽሕፈት ቤቱ ያን ዕለት ጠዋት አዲስ የወረፋ ማሽን ተክሏል። ባለጉዳይ በማሽኑ መስተዋት ላይ ስሙን በጣቱ ይጽፋል፤ ማሽኑ ስሙን በቁራጭ ወረቀት ያትማል፤ ወረቀቱ መስኮቱ ላይ ይሰካል፤ ጸሐፊዋ እያነበበች ትጠራለች። አቶ ማንያዘዋል አማተቡና ፊደሎቹን አንድ በአንድ ተጫኑ፦ ማ፣ ን፣ ያ፣ ዘ፣ ዋ፣ ል። ስድስት ፊደል። ማሽኑ ጉርርር አለና ወረቀት ተፋ። ጽሑፉ ደቃቅ ስለ ነበረ ሳያነቡት ሰኩትና አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

ጸሐፊዋ ዘነቡ ትባላለች፤ ድምፅዋ ከመስኮቱ ይሰፋል። ወረቀቱን አየችና «ማን» አለች።

«እኔ» አለ አንድ ባለባርኔጣ ሰው ፈጠን ብሎ፣ ገባ።

እሱ ሲወጣ ወረቀቱን ደግማ አየችና «ማን» አለች።

«እኔ ነኝ፣ ሙሉነሽ» አለች አንዲት ሴት፣ ገባች።

«ማን» ባለች ቁጥር አንድ ሰው «እኔ» ይላል፤ ማን ይግባ ብላ የጠየቀች መስሎት ይገባል። እንዲህ ሲል ሲል የምሳ ሰዓት መጣ፤ ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቶ ማንያዘዋል ትዕግሥታቸው አለቀና ከመስኮቱ ደረሱ።

«ልጄ፣ እኔን ረሳሽኝ እኮ።»

«ማን ነዎት?»

ወረቀቱን በጣታቸው አሳዩዋት። አሁን ገና ቀርበው አነበቡት። «ማን ነኝ» አሉ።

«እኔን ነው እንዴ የሚጠይቁኝ?»

«ኧረ ወረቀቱ ነው እንዲያ ያለኝ። እኔስ ማንያዘዋል ነኝ።»

«ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ማን ነው።»

«እኔ ነኛ።»

አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘነቡ ግን አልሳቀችም፤ ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዋ ደርቋል። «አባቴ፣ ይስሙኝ። የሌላው ሰው ስም ጫፉ ላይ ጥቁር ምልክት አለበት። ሙሉነሽ ‹ሙ› ብላ መጣች፣ ከኋላው ጥቁር ምልክት፤ ተቆርጦ እንደ መጣ ያስታውቃል፤ በብዕር ሞላሁላት። ጌታቸውም ‹ጌ› ብሎ መጣ፣ ጥቁር ምልክት፤ ሞላሁለት። የእርስዎ ግን ንጹሕ ነው። ምንም የጎደለው የለም። ያልጎደለውን ልሙላ?»

«አሮጌው መታወቂያ ላይ እኮ ማንያዘዋል ይላል።»

«እሱማ ሞቷል። የሞተ አይመሰክርም። ሄደው ወረቀቱን ያነጋግሩት።»

አቶ ማንያዘዋል የተባሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ነቅለው ፊታቸው አቆሙትና፣ «ወረቀት ሆይ፣ ስሜን ሙሉውን ተናገር» አሉት።

ወረቀቱም፣ «እኔ ምን አፍ አለኝ? ማተሚያው የጫነብኝን ነው የምናገር» አለ።

ወረቀቱ ካላተሙበት አይናገር፤ ዘነቡ ወረቀቱ ካልነገራት አትጠራ፤ ማንያዘዋል ካልተጠሩ መታወቂያ የለ፤ መታወቂያ ከሌለ መኪና የለ፤ ሕፃኑ ደግሞ ነገ ክርስትና ይነሣል።

ወደ ማተሚያው ሄዱ። ማሽኑ ደረት ላይ ነው ያለው፤ አፉ ሰፊ፣ ከንፈሩ የፕላስቲክ። «ማተሚያ ሆይ፣ ስሜን አትም፤ ወረቀቱ እንዲናገር።»

«የሰጡኝን አተምሁ» አለ ማተሚያው። «ከርነሉ ከውስጥ ማን ብሎ ሰጠኝ፤ ማን ብዬ አተምሁ።»

«ከርነል ደግሞ ማን ነው?»

«ኧረ እሱ ማን አይደለም፤ ማን እርስዎ ነዎት» አለ ባለባርኔጣው። ጉዳዩን ጨርሶ ሳለ ወሬው ስለ ጣመው ቀርቷል።

ማተሚያው ካልሰጡት አያትም፤ ወረቀቱ ካላተሙበት አይናገር፤ ዘነቡ ወረቀቱ ካልነገራት አትጠራ፤ ማንያዘዋል ካልተጠሩ መታወቂያ የለ፤ መታወቂያ ከሌለ መኪና የለ፤ ሕፃኑ ደግሞ ነገ ክርስትና ይነሣል።

ከማሽኑ ኋላ አንዲት ወጣት ዱካ ላይ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ላፕቶፕ አለ። ሶስና ትባላለች፤ የማሽኑን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። የመጀመሪያው ቀን ስለሆነ እንዲሁ ልትጠብቀው መጥታለች፣ አዲስ ተማሪ እንደሚሸኝ ወላጅ።

«ልጄ» አሏት፣ «ከርነል የሚባለው ሰውዬ የት ነው የሚገኘው?»

«አባባ፣ ሰው አይደለም» አለች ሶስና፣ ላፕቶፗን ከደን አድርጋ። «በዚህ ማሽን ሆድ ውስጥ ሁለት ግቢ አለ ይበሉ። የውጭው ግቢ የተጠቃሚ ነው፤ እርስዎ በጣትዎ የጻፉት ስም እዚያ ይቀመጣል። የውስጡ ግቢ የከርነል ነው፤ ማተሚያውንም መብራቱንም የሚያዘው እሱ ነው። ከውጭ ግቢ ወደ ውስጥ ምንም ነገር ራሱ አይገባም። በሩ ላይ ገልባጭ አለ። የውጭውን እያየ ይገለብጣል፤ ግልባጩን ወደ ውስጥ ያስገባል።»

«ዋናውስ?»

«ዋናው ውጭ ይቀራል።»

«እንደኛ ማመልከቻ ነዋ» አሉ አቶ ማንያዘዋል። ወደ ማሽኑ ጎንበስ አሉና፣ «ከርነል ሆይ፣ ለማተሚያው ስሜን ስጠው» ሲሉ ተጣሩ።

ከውስጥ አንድ የተኮፈሰ ድምፅ መጣ። «የውስጥ ግቢ ሰው ከውጭ ግቢ ሰው ጋር ፊት ለፊት አይነጋገርም። የተጠቃሚን ቃል አላምንም። ይህ ስም ነው ብሎ ምን እንደሚያስገባብኝ በምን አውቃለሁ? ገልባጩ ገልብጦ ያስገባልኝን ነው የማውቀው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር። አቶ ማንያዘዋል ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቱን ነው። እኔም መሰንጠቂያ ቤቱ በር ላይ እንዲሁ ነኝ» አሉ።

ከርነሉ ካላስገቡለት አይሰጥ፤ ማተሚያው ካልሰጡት አያትም፤ ወረቀቱ ካላተሙበት አይናገር፤ ዘነቡ ወረቀቱ ካልነገራት አትጠራ፤ ማንያዘዋል ካልተጠሩ መታወቂያ የለ፤ መታወቂያ ከሌለ መኪና የለ፤ ሕፃኑ ደግሞ ነገ ክርስትና ይነሣል።

ገልባጩን ሲያነጋግሩት ቃላቸው ለሰለሰ፤ በረኛ ለበረኛ ይተዛዘናል። «ወንድሜ፣ እንዴት ዋልህ? እኔም በር ጠባቂ ነኝ። ስድስት ፊደል ሰጠሁህ፣ ሁለት አስገባህ። አራቱን የት ጣልኻቸው?»

«ምንም አልጣልሁም» አለ ገልባጩ፤ ሲናገር ፈጣን ነው፤ ቆሞ የማያውቅ ሠራተኛ ነው። «ቁጥሩ ስድስት አለኝ። ስድስት ቅንጣት ቆጠርሁ፤ አንድ አላጎደልሁ፣ አንድ አልጨመርሁ። ከተባልሁት ባልፍ ምን እንደሚደርስ ያውቃሉ? የጎረቤት ዕቃ ነው የማፈስ።»

ስድስት ቆጥሮ ሁለት። አቶ ማንያዘዋል በጣታቸው ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ያን ጊዜ የአባታቸው ቃል ትዝ አላቸውና ንዴቱን ዋጡት።

ገልባጩ ቁጥሩ ካላዘዘው አይጨምር፤ ከርነሉ ካላስገቡለት አይሰጥ፤ ማተሚያው ካልሰጡት አያትም፤ ወረቀቱ ካላተሙበት አይናገር፤ ዘነቡ ወረቀቱ ካልነገራት አትጠራ፤ ማንያዘዋል ካልተጠሩ መታወቂያ የለ፤ መታወቂያ ከሌለ መኪና የለ፤ ሕፃኑ ደግሞ ነገ ክርስትና ይነሣል።

ቁጥሩ ጀርባውን ሰጥቶ አኩርፎ ነበር። ቁጥር ሲያኮርፍ አያችሁ? ስድስት ሲያኮርፍ አንገቱን ደፍቶ ነው።

«ቁጥር ሆይ፣ ትንሽ ከፍ በል፤ ገልባጩ ይጨምር።»

«አልልም» አለ ቁጥሩ። «ሶስና ፊደሉን ቁጠርና እዚያው ቁም አለችኝ። ስምዎ ስድስት ፊደል ነው፤ ስድስት ላይ ቆምሁ። ሰው እኔን ትክክል አይደለህም ሲለኝ ደስ አይለኝም።»

ቁጥሩ ካልነኩት አይነሣ፤ ገልባጩ ቁጥሩ ካላዘዘው አይጨምር፤ ከርነሉ ካላስገቡለት አይሰጥ፤ ማተሚያው ካልሰጡት አያትም፤ ወረቀቱ ካላተሙበት አይናገር፤ ዘነቡ ወረቀቱ ካልነገራት አትጠራ፤ ማንያዘዋል ካልተጠሩ መታወቂያ የለ፤ መታወቂያ ከሌለ መኪና የለ፤ ሕፃኑ ደግሞ ነገ ክርስትና ይነሣል።

«ሶስና ልጄ፣ ይህን ቁጥር ንኪልኝ።»

«አልነካውም፣ አባባ» አለች ሶስና። «እኔ ደስ ስላለኝ አይደለም የምነካው፤ ፈተናው ሲያዘኝ ነው። ፈተናው ደግሞ አልፏል ብሏል።»

«ማሽንም ይፈተናል?»

«ገልባጩን የምፈትንበት ትንሽ ፕሮግራም ነው። በውጭው ግቢ አንድ ቃል አስቀምጣለሁ። ገልባጩ ወደ ውስጥ ይገለብጠዋል። ፈተናው ዋናውንና ግልባጩን ጎን ለጎን አድርጎ ያያል። አንድ ከሆኑ አረንጓዴ ይበራል፤ ካልሆኑ ቀይ።»

«እ፣ ግልባጩ ከዋናው ጋር ተገናዝቧል የሚለው ማኅተም።»

«እሱው ነው። የእኔ ማኅተም ብቻ አረንጓዴ ነው። በሌሊትም በቀንም ፈትኜዋለሁ፤ ሦስት ሺህ ጊዜ አረንጓዴ።»

«ሦስት ሺህ ጊዜ እኔን ማን ያለኝ አረንጓዴ ነው?»

ዘነቡ በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ «ይጠይቋት አባቴ፤ በእኔም ቀኑን ሙሉ ሰው ያሳቀብኝ እሱ ነው» አለች። ሶስና ጆሮዋ ቀላ።

ሶስና ፈተናው ካላዘዛት አትነካ፤ ቁጥሩ ካልነኩት አይነሣ፤ ገልባጩ ቁጥሩ ካላዘዘው አይጨምር፤ ከርነሉ ካላስገቡለት አይሰጥ፤ ማተሚያው ካልሰጡት አያትም፤ ወረቀቱ ካላተሙበት አይናገር፤ ዘነቡ ወረቀቱ ካልነገራት አትጠራ፤ ማንያዘዋል ካልተጠሩ መታወቂያ የለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተው በሉት፤ እኔ ትንፋሽ ልውሰድ።

ፈተናውን ጠሩት። ፈተናው ጨዋ ነው፤ ቶሎ ይመልሳል። «ያቀመሱኝን አውቃለሁ፤ ያላቀመሱኝን አላውቅም» አለ። «ሦስት ሺህ ጊዜ የበላሁት አንድ ስም ነው፤ ሶስና የሚል፣ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ። አምስት ፊደል ገባ፤ አምስት ወጣ። የሐበሻ ፊደል በአፌ ዞሮ አያውቅም።»

ሶስና ሰማች። እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሣች፤ ግንባሯን ያዘች።

«ምነው ልጄ?»

«አባባ፣ ማሽን ፊደልን የሚያስቀምጠው በቅንጣት ከፋፍሎ ነው። የፈረንጅ ፊደል አንዱ አንድ ቅንጣት ነው። የእኛ ፊደል በማሽኑ ውስጥ አንዱ ሦስት ቅንጣት ነው። እኔ ፊደል ቆጠርሁ፤ ገልባጩ ቅንጣት ቆጠረ። ስድስት ቅንጣት ለሁለት ፊደል ብቻ ነው የሚበቃው።»

አቶ ማንያዘዋል ቀና አሉ። «ቆይ፤ አንዱ ሦስት ነው?»

«አዎ።»

«ሦስት ሆኖ ሳለም አንድ ነው?»

«አንድ ፊደል ነው፤ አዎ።»

ባርኔጣም ባይኖራቸው እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄደ፤ አማተቡ። «ይህን እኔ ሳልማር ከልጅነቴ ጀምሮ አምኜዋለሁ። አንቺ ዩኒቨርስቲ ድረስ ሄደሽ አንድነቱን ቆጠርሽና ሦስትነቱን ረሳሽው?»

ሶስና ሳቋ አመለጣት። «ረሳሁት» አለች።

እንግዲህ ፈተናው ካላቀመሱት አያውቅ፤ ሶስና ፈተናው ካላዘዛት አትነካ፤ ቁጥሩ ካልነኩት አይነሣ፤ ገልባጩ ቁጥሩ ካላዘዘው አይጨምር፤ ከርነሉ ካላስገቡለት አይሰጥ፤ ማተሚያው ካልሰጡት አያትም፤ ወረቀቱ ካላተሙበት አይናገር፤ ዘነቡ ወረቀቱ ካልነገራት አትጠራ፤ ማንያዘዋል ካልተጠሩ መታወቂያ የለ፤ መታወቂያ ከሌለ መኪና የለ፤ ሕፃኑ ደግሞ ነገ ክርስትና ይነሣል።

«በሉ አቅምሱት» አለች ሶስና። የማሽኑን የኋላ ክዳን ከፍታ አንድ የላላ ሽቦ በሁለት እጇ ይዛለች፤ ከለቀቀችው መስተዋቱ ይጠፋል። «እኔ እጄ ተይዟል። ከፊት ሆነው እርስዎ ይጻፉ።»

ማ፣ ን፣ ያ፣ ዘ፣ ዋ፣ ል ብለው ጻፉ። ፈተናው አላመጠ፤ አላመጠና ቀይ አበራ። «ግልባጩ ከዋናው ጋር አልተገናዘበም» አለ።

ሶስና ቀይ አይታ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። ሽቦውን በጥርሷ ነክሳ፣ በአንድ እጇ ቁጥሩን ነካች፤ ቅንጣት ቁጠር አለችው። ቁጥሩ ከስድስት ተነሥቶ ዐሥራ ስምንት ላይ ቆመ። ኩርፊያውም ለቀቀው፤ ቁጥር ሲያድግ ደስ ይለዋል። እንደገና ፈተኑ። አረንጓዴ።

አቶ ማንያዘዋል «ተመስገን» ብለው ወደ መስኮቱ ሊሄዱ ሲሉ፣ ሶስና ሽቦውን ከአፏ ወደ እጇ መልሳ፣ «አንድ ይቀራል» አለች። ሰዓቱ ዐሥር ተኩል ሆኗል።

«ደግሞ ምን?»

«ገልባጩ እውነተኛውን ማስገባቱን አየን። ሐሰተኛውን መመለሱንም ማየት አለብን። ቁጥሩን ስለ ነካሁ ሁለቱም እንደ አዲስ ካልተፈተኑ ፈተናው አያሳልፈኝም። አሁን ማንም የማይኖርበት አድራሻ ይጻፉለት። ከዚህ ቤት ያለውን ስም ገልብጥ ይበሉት። ቤቱ የለም። ገልባጩ ሄዶ የሌለ ቤት ውስጥ ከገባ ማሽኑ ይወድቃል፤ አልገባም ብሎ ከመለሰ አለፈ።»

«በሌለ ቤት ስሜ አለ ልበል?»

«አዎ፣ ዝም ብለው የሆነ ውሸት ይጻፉ።»

አቶ ማንያዘዋል ጣታቸውን ከመስተዋቱ ላይ አነሡ። «ልጄ፣ ይህንስ አልችልም።»

«አባባ፣ ለማሽን እኮ ነው።»

«ጣቱ የእኔ ነው። ነገ ጠዋት በዚህ እጅ ሕፃን አቅፌ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ። ዛሬ ማታ ሐሰት ጽፌበት ነገ ልቀፈው?»

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው አጉረመረመ። ባለባርኔጣው ተነሣ። «ይተዉት አባት፤ እኔ ልዋሽልዎት። ለእኔ ምንም አይደል፤ በግ ነጋዴ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥህ። በእኔ ስም ግን አይዋሽም።»

ዘነቡ ሰዓቷን አየች። መዝገቡን ግማሽ ከደነችው።

ይኸውላችሁ፣ ማንያዘዋል ሐሰት አይጽፉ፤ ፈተናው ሐሰት ካላቀመሱት አያሳልፍ፤ ሶስና ፈተናው ካላሳለፋት ወደ ማሽኑ አትልክ፤ ቁጥሩ ካልተላከ አይሠራ፤ ገልባጩ ቁጥሩ ካላዘዘው አይጨምር፤ ከርነሉ ካላስገቡለት አይሰጥ፤ ማተሚያው ካልሰጡት አያትም፤ ወረቀቱ ካላተሙበት አይናገር፤ ዘነቡ ወረቀቱ ካልነገራት አትጠራ፤ ማንያዘዋል ካልተጠሩ መታወቂያ የለ፤ መታወቂያ ከሌለ መኪና የለ። የሰንሰለቷ ራስም እግርም እሳቸው ሆነው ቀሩ። ሕፃኑ ደግሞ ነገ ክርስትና ይነሣል።

አቶ ማንያዘዋል ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳሉ እሳቸውና የሚሰማቸው ያውቃሉ። ከዚያ ዐይናቸውን ገልጠው ጣታቸውን ዘረጉና ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ አራት፣ አንድ፣ ሰባት።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች ሶስና።

«የቤቴ ቁጥር ነው። አራት መቶ ዐሥራ ሰባት። ልጄን የዳርሁት ከዚያ ቤት ነው። አምና አዲሱ መንገድ ሲወጣ ፈረሰ፤ አሁን መኪና ይሄድበታል። ስሜ እዚያ ነበረ፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ዛሬ ግን ማንም የለበትም፤ ይህም ሐሰት አይደለም።»

ሶስና ቁጥሩን አየችና አፏን ያዘች። «አባባ፣ በማሽኑም ውስጥ ከአራት ሺህ በታች ያለው ቁጥር ሰፈሩ ባዶ ነው። ሆን ተብሎ ነው የተተወው። ማንም እንዲኖርበት አይፈቀድም።»

«እንግዲህ እዚያም መንገድ ወጥቶበታል» አሉ።

ገልባጩ ሄደ። ወዲያው ተመለሰ። «የተሳሳተ አድራሻ» አለ። «እዚያ ቤት የለም። አልገባም።»

«አውቃለሁ፣ ወንድሜ» አሉ አቶ ማንያዘዋል ቀስ ብለው።

አረንጓዴ በራ።

ያን ጊዜ ሰንሰለቷ ከጫፏ ተሳበች። ፈተናው አሳለፈ፤ ሶስና ላከች፤ ማሽኑ ጠፍቶ በራ፤ ማንያዘዋል ስማቸውን ጻፉ፤ ቁጥሩ ዐሥራ ስምንት አለ፤ ገልባጩ ዐሥራ ስምንት ገለበጠ፤ ከርነሉ ተቀበለ፤ ማተሚያው አተመ፤ ወረቀቱ ተናገረ፤ ዘነቡም መዝገቧን መልሳ ከፍታ፣ የቀረ ድምፅዋን ሁሉ አጠራቅማ፣ «ማንያዘዋል» ብላ ጠራች። ከአግዳሚው ማንም እኔ አላለም።

«አቤት» አሉ እሳቸው።

መታወቂያው ተጻፈ፤ ፎቶው ተለጠፈ፤ ማኅተሙ ተመታ። ዘነቡ ስትሰጣቸው፣ «አባቴ፣ ቀኑን ሙሉ ስጠራዎት ነው የዋልሁት፤ አይቀየሙኝ» አለች። ሶስና እስከ በሩ ሸኘቻቸው፤ ዛሬውኑ ፈተናው የሐበሻ ስም ብቻ ሲበላ እንደሚያመሽ ነገረቻቸው። ባለባርኔጣውም በግ ለክርስትና ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቀ፤ ተገዝቷል ተባለ።

የመናኸሪያው ተቆጣጣሪ መታወቂያውን አይቶ እጁን ለሰላምታ አነሣ። መኪናዋ ሞልታ ነበረ፤ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል፣ ከሾፌሩ ኋላ። ጨለም ሲል ወሊሶ ገቡ። የአማቾቻቸው ቤት ቆርቆሮ አጥሩ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ሰው ይገባል ይወጣል፤ ከጓዳ በኩል የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። አቶ ማንያዘዋል ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ነጩ ካልሲ በኪሳቸው መኖሩን በእጃቸው ዳሰሱና በሩን አንኳኩ።

ከዚያ በፊት አይተዋት የማያውቋት አንዲት ሴት፣ የድግስ ጭልፋ በእጇ ይዛ በሩን ከፈተች። ወደ ውስጥ ሮጣ ልትናገርላቸው እየተዘጋጀች፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና እንዲህ አለቻቸው፦

«ደህና አመሹ አባቴ፤ ማን ልበል?»